የደሴቶቹን ደብዳቤ ፍለጋ እስከ አሌክሳንድሪያ

ከአሜሪካ ከተመለስኩ መንፈቅ አልፎኛል፤ ጀልባ ማቆሚያው ላይ ያገኘኝ ሰው ግን ዛሬም «እስኪ ንገሪን» ማለቱን አልተወም። ለአንዱ ስነግር ሌላው ያመልጠዋል። ሦስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው ሰምቶ፣ ያልሆነውን ጨምሮ መልሶ ለእኔው ያወራልኛል። በቀደም አንዲት ሴት «ከፕሬዚዳንቱ ጋር ምሳ በላሽ አሉ፣ እውነት ነው?» አለችኝ። ስለዚህ ተቀምጬ ከመነሻው እስከ መድረሻው የሆነውን ሁሉ ጻፍኩት። ማንበብ የማይችል ልጁን ያስነብብ።

ደሴቶቻችንን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ሐይቁ ላይ አምስት ናቸው፤ ዋርካ፣ ሸምበቆ፣ ጉማሬ፣ ወፎ እና ገዳሚቱ። እኔ እማዋይሽ የዋርካ ልጅ ነኝ፤ እዚያው ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬአለሁ። ከዋርካ ዳር ቆሞ የተጣራ ሰው ሸምበቆ ላይ ይሰማል። እንዲህ ተቀራርበን ሳለ ዋርካ በምሥራቅ ዳርቻ ላለ ወረዳ፣ ሸምበቆ በምዕራብ ላለው፣ የቀሩት ደግሞ በሰሜን ላለው ተከፋፍለን ነበር የምንተዳደረው። መታወቂያ ለማሳደስ ሦስት ሰዓት በጀልባ ነው። ሁለት ባላገሮች በመረብ ቢጣሉ አንዱ በአንድ ፍርድ ቤት፣ ሌላው በሌላ ይከሳል። እኔን ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ዓመት የስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው ማዶ ነበር። ነፋሱ ሦስት ቀን ሙሉ አልበርድ ብሎ፣ አሥራ አንድ ተማሪዎቼ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ዳር ላይ ቆመው ማዕበሉን ሲያዩ ፈተናው አለፋቸው። ከአሥራ አንዱ ወደ ትምህርት የተመለሱት አራት ብቻ ናቸው።

«የራሳችን ወረዳ ይኑረን» ብለን ኮሚቴ አቋቋምን፤ እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። የዞኑ ሰዎች ሰምተውን ሲያበቁ «ደሴቶቹ በአንድ ተዳድረው ያውቃሉ ወይ? ማስረጃ አምጡ» አሉን። ሽማግሌዎቻችን በንጉሡ ጊዜ አምስቱም አንድ ምክትል ወረዳ እንደነበሩ ያስታውሳሉ፤ መዝገቡን ግን ምስጥ በልቶታል። የቀረን አንድ ተስፋ ነበር። የዚያ ምክትል ወረዳ ጸሐፊ የነበሩት አባባ ተሰማ በደርግ ጊዜ በሱዳን አድርገው አሜሪካ ገብተዋል። የቅጥር ደብዳቤያቸውን ከነማኅተሙ ይዘው እንደወጡ፣ እዚያው የሚኖረው ወንድሜ ጌታነህ ከዓመታት በፊት አንድ ለቅሶ ቤት ተገናኝተው አሳይተውት በዓይኑ አይቷል። ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ጻፈላቸው። አንዱንም አልመለሱም። ጌታነህ ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ ጠርቶኝ ቪዛ በተሰጠኝ ጊዜ የኮሚቴው ሊቀመንበር ጀልባው ድረስ ሸኝተውኝ «በይ እንግዲህ፣ ባዶ እጅሽን እንዳትመጪ» አሉኝ።

ዓርብ ጠዋት ተነሣሁ። በሞተር ጀልባ ወደ ከተማው፣ ከከተማው ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቁ አውሮፕላን ውስጥ ገባሁ። ማዕበል ስለለመድኩ አውሮፕላኑ ሲንገጫገጭ አልፈራሁም፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሱፍ የለበሰ ሰው ግን እጄን ያዘኝ። «አይዞህ ወንድሜ፣ ይህ ትንሽ ነው» አልኩት። ቅዳሜ ጠዋት ዋሽንግተን ስንወርድ እጄን ስሞ ለቀቀኝ።

ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ኪሎ የሚሆን ደረቅ ዓሣ ነበር። አንድ ረጅም ፈታሽ ከፈተውና «ምንድን ነው?» አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኩትን እንግሊዝኛ ሰብስቤ «ፊሽ» አልኩ። ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ሻንጣውን ራሱ ዘጋልኝና በእጁ እለፊ አለኝ።

የተቀበለችኝ የወንድሜ ሚስት ሮማን ናት። ጌታነህ ታክሲ ስለሚነዳ ሥራ ላይ ነበር። መንገዱ ሰፊ ነው፤ ከዋርካ ጫፍ እስከ ጫፍ ቢዘረጋ ደሴቲቱን ይሸፍናታል። በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን አላየሁም።

«ሰዉ ሁሉ የት ሄደ?» አልኳት።

«መኪና ውስጥ ነው፣ እታለም» አለችኝ እየሳቀች።

ቤታቸው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። በዚያ ቀን ቤት ያፈራውን አቀረበችልኝ፣ አልጋቸውን ለቀው ለእኔ አነጠፉልኝ፤ እነሱ ሳሎን ተኙ። እኔም ውለታ ልመልስ ብዬ ከዓሣው ጥቂቱን ጠበስኩ። ጭሱ ገና ከመጥበሻው ሲነሣ ጣሪያው ላይ ያለ አንድ ነጭ ነገር ጮኸ። እኔ ቤቱ የተቃጠለ መስሎኝ ሕፃኗን ከነአልጋዋ አንሥቼ ወደ በሩ ሮጥኩ። ሮማን ፎጣ እያውለበለበች ወንበር ላይ ወጣች። «እታለም፣ አትደንግጪ! ሽሮም ሲያርርብኝ እንዲሁ ነው የሚጮኸው!» የማዶው ጎረቤት በሩን ከፍቶ አየንና ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ግን አንኳኳ፤ ሽታው ምን እንደሆነ ጠይቆ አንድ ቁራሽ ቀምሶ ሄደ።

እሑድ ክርስትናው ሆነ። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ እኔ አለቀስኩ። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ከየአገሩ የመጣ ሰው ከብቦኝ ስለ ደሴቶቹ ይጠይቀኝ ጀመር። የአባባ ተሰማን ስም ሳነሣ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «እሳቸው? በልጃቸው ቤት ናቸው፤ ለማንም አይከፍቱም» አሉኝ። ጌታነህ እዚያው ቆሞ ለልጃቸው ለሰናይት ኮል አደረገላት። ሰናይት በሕፃንነቷ ነው እዚህ የመጣችው። «ሶሪ፣ ዳዲ ስለ ወረቀቱ ሲነሣበት አፕሴት ይሆናል» አለች። ጌታነህ አልለቅ ሲላት ግን «ኦኬ፤ ከሰኞ ጀምሮ ሳምንቱን ኦፍ ነኝ። ኑ፣ ትራይ እናድርግ» አለችን።

ሰኞ ጌታነህ ሥራ ስለነበረበት ብቻዬን ሄድኩ። በቀዩ ባቡር እስከ መሐል ከተማ፣ ከዚያ በቢጫው እስከ አሌክሳንድሪያ ብሎ በወረቀት ጻፈልኝ። እኛ አገር ጀልባ ሲመጣ አንድ ነው፤ የመጣው ላይ ትወጣለህ። እዚያ ግን በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ዓይነት ባቡር ይመጣል። እኔ የመጣው ላይ ወጣሁ። ሰው እየወረደ እየወረደ ሄደና መጨረሻው ጣቢያ ላይ ባዶ ባቡር ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ወርጄ ቆሜ ሳለሁ የጣቢያው መለያ የለበሰ ሰው ወደ እኔ መጣ። ነጠላዬን አይቶ ኖሮ በአማርኛ «እናቴ፣ ወዴት ኖሯል?» አለኝ። በዚያ አገር እንደዚያ ቃል የጣፈጠኝ የለም። ወረቀቴን አይቶ ሳቀ። «አረንጓዴው ላይ ነው የወጡት። ቢጫው ሌላ ነው» አለኝና በሚመለሰው ባቡር አሳፍሮኝ፣ መምጣቴን በስልኩ ባቡር ለምቀይርበት ጣቢያ ሠራተኛ ነገረ። እዚያም አንዲት ሴት ጠብቃ ክንዴን ይዛ ቢጫው ላይ አወጣችኝ። ስማቸውን ሳልጠይቅ ቀረሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቢጫው ባቡር ከመሬት ውስጥ ወጥቶ በድልድይ ወንዙን ሲሻገር ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ውሃ ካየሁ አራተኛ ቀኔ ነበር። ወንዙ ሰፊ ነው፤ ማዶው ግን በደንብ ይታያል። እኛ ዘንድ ማዶ የሚታየው በጠራ ቀን ብቻ ነው።

ሁለት ሰዓት አርፍጄ ደረስኩ። ሰናይት ጣቢያው ድረስ በመኪና መጥታ ወሰደችኝ። አባባ ተሰማ ሰባ አምስት ያለፋቸው፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ናቸው። ተነሥተው ተቀበሉኝ፣ አስቀመጡኝ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ከዚያ ፊታቸው ጠነከረ።

«ሦስት ደብዳቤ ጻፋችሁልኝ» አሉ። «ሦስቱንም አንብቤአለሁ። በአንዱም ላይ ‹ጤናዎ እንዴት ነው?› የሚል የለም። ‹ማስረጃው በአስቸኳይ እንዲላክልን› ነው የሚለው። እኔ ጸሐፊ ነበርኩ። ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር የማያውቅ ሰው ነው ወረዳ የሚያቋቁመው?»

ሦስቱንም የጻፍኳቸው እኔ ነበርኩ።

«ወረቀቴን እንጂ እኔን አልፈለጋችሁም። የአርባ ዓመት ሰላምታ አለባችሁ» ብለው ወደ መኝታቸው ገቡ። ሰናይት አንገቷን ደፍታ ወደ ጣቢያው መለሰችኝ።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። መስኮቱ ዳር ተቀምጬ ለኮሚቴው ምን ብዬ እንደምደውል አሰብኩ። ሮማን የምትሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ ከሺፍቷ ስትመለስ የሆነውን ነገርኳት። ጫማዋን እያወለቀች ሰማችኝ።

«እታለም፣ እኔ ቀኔን ሙሉ ከሽማግሌ ጋር ነው የምውለው» አለችኝ። «ሽማግሌ ሲቆጣ ሂድልኝ ማለቱ አይደለም። ተመልሰሽ ሂጂ። ወረቀቱን አታንሺ። ምሳ ይዘሽ ሂጂ።»

ረቡዕ በጠዋት የቀረውን ዓሣ ወጥ ሠራንና (ጣሪያው በዚህም ጮኸ፤ ለምጄዋለሁ) በሣህን አድርገን በፎጣ ጠቅልለን አስያዘችኝ። በዚህ ጊዜ ባቡር አልተሳሳትኩም። ባቡሩ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሁሉ ወደ ሌላ ወንበር ሄዱ፤ ሽታውን አልወደዱትም።

ሰናይት በሩን ስትከፍት አባባ ተሰማ ሳሎን ነበሩ። ሰላምታዬን ሙሉ አደረግሁት። ስለ ጤናቸው፣ ስለ እንቅልፋቸው፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ልጃቸው ጠየቅሁ። ከዚያ ቆሜ እንዲህ አልኳቸው።

«አባባ፣ ደብዳቤዎቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ነውር ነበር። ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ የመጣሁት ምሳ ላበላዎ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።»

ተቀመጪ አላሉኝም፤ ግን ወደ መኝታቸውም አልገቡም። ወጡን ቀመሱ፤ ደግመው ቀመሱ። «ይሄ የጉማሬ ዓሣ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ፣ የጉማሬ ነው።»

ከዚያ ስለ ሰዎች ጠየቁኝ። እከሌ አለ? ሞቷል። እከሊትስ? አለች፤ ዓይኗ ጠፍቷል። እየጠየቁ እየጠየቁ ሄዱና ድንገት ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ከዚያ የመጣ ሰው» አሉ፣ «ሐይቁ ሞልቶ የዋርካን የታችኛውን መቃብር በላው ብሎ ነገረኝ። እናቴ እዚያ ነበረች። ከዚያ ወዲህ የማንንም ስልክ አላነሣም።»

ያኔ ነው ቁጣቸው ከየት እንደመጣ የገባኝ።

«አባባ» አልኳቸው፣ «ሐይቁ መሙላቱ እውነት ነው። ግን ውሃው እስኪደርስ አልጠበቅንም። ቄሶቹ ጸሎት አድርሰው፣ እኛ ከነተማሪዎቻችን ወርደን፣ አባቴም ከመሞቱ በፊት ወርዶ፣ አንድ በአንድ አውጥተን ኮረብታው ላይ አሳረፍናቸው። አንድም አልቀረም። ስማቸውን በሰሌዳ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፍም ስለማስተምር።»

«የእናቴን የክርስትና ስም ንገሪኝ» አሉ ቀስ ብለው።

«ወለተ ጊዮርጊስ። ከወይራው ሥር፣ በስተቀኝ ናቸው።»

እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ሰናይት አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም መሰለኝ፤ ከኩሽናው በር ላይ ቆማ ቀረች። ከዚያ ቀርባ ትከሻቸውን ያዘች። እሳቸው ተነሡ፤ ወደ መኝታቸው ገቡና ቆዩ። ሲወጡ እጃቸው ላይ በላስቲክ የተሸፈነ አንድ ወረቀት ነበር።

«ኮፒ አይደለም» አሉ። «ዋናውን ውሰጂ።»

«ዳዲ፣ አር ዩ ሹር?» አለች ሰናይት።

«ሹር ነኝ» አሉ።

ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ መታጠፊያው ላይ ሳስቷል። የታይፕ ጽሑፉ ግን ይነበባል። «አቶ ተሰማ ወልዴ፣ የዋርካ፣ የሸምበቆ፣ የጉማሬ፣ የወፎና የገዳሚቱ ደሴቶች ምክትል ወረዳ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆነው ተቀጥረዋል።» ከሥሩ ማኅተም። ሱዳን በረሃ ላይ በጫማቸው ውስጥ ነው ይዘውት የሄዱት። ጮክ ብዬ አነበብኩት። እሳቸው የእኔን ንባብ በጣታቸው እየተከተሉ ያርሙ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ተመልሼ ስሄድ አባባ ራሳቸው ሌላ ነገር ጨመሩ። «ደብዳቤው እውነተኛ መሆኑን ምዬ ልፈርምበት። ኋላ ከየት አመጣችሁት እንዳይሏችሁ» አሉ። ሰናይት በመኪና ይዛን ሴቨን ኮርነርስ ወደሚባል የገበያ ሰፈር ሄደች። እዚያ የየአገሩ ሱቅ ተደርድሯል፤ አንዲት ትንሽ የፖስታ መላኪያ ሱቅ ውስጥ ቃለ መሐላ የምታረጋግጥ ሴት አለች። አባባ ሱፍና ከረባት ለብሰው፣ ሌሊቱን ሲያረቅቁት ያደሩትን ቃላቸውን አቀረቡ። ሴትዮዋ መታወቂያቸውን አየችና ራሷን ነቀነቀች። መታወቂያው ጊዜው አልፎበታል።

እኛ ዘንድ እንዲህ ሲሉህ ሦስት ወር ማለት ነው። «ፓስፖርት ካለዎት ነገ ይዘው ይምጡ» አለች ግን ሴትዮዋ። ዓርብ ተመልሰን ሄድን። አባባ ያንኑ ሱፍ ለብሰዋል። ስማቸውን ከነአባታቸው ጽፈው ፈረሙ። ሴትዮዋ ከኤል ሳልቫዶር የመጣች ናት፤ ማኅተሟን ከማሳረፏ በፊት ወረቀቱ ለምን እንደሆነ ጠየቀች። ሰናይት ስትነግራት ከወንበሯ ተነሥታ የአባባን እጅ ጨበጠች። «እኔም የመጣሁት ከደሴት ነው» አለች። «እኛ እስካሁን ሐኪም ቤት የለንም።» ከዚያ ማኅተሙን እስኪቦረቡር ድረስ አጥብቃ አሳረፈችው።

ቅዳሜ ሁሉም ተሰብስበው ሸኙኝ። ሮማን ሻንጣዬን በልጆች ጫማ ሞላችው፤ አባባ ተሰማ ደብዳቤውን ራሳቸው ጠንካራ ካርቶን መሐል አድርገው አሸጉት። አውሮፕላኑ ውስጥ ምግቡ ሲመጣ እንኳ ከጭኔ ላይ አላነሣሁትም። አስተናጋጇ «ላስቀምጥልዎ?» ብትለኝ «ወረዳ ነው፣ ልጄ» አልኳት። ምን እንዳልኩ አልገባትም።

ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ግን ይጻፍ። የዞኑ ኃላፊ ደብዳቤውን ገልብጦ አየው፣ ማኅተሙን በመነጽር አየው፣ ቃለ መሐላውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ለባልደረባው «ይሄማ ተዳድረው ነበር እኮ!» አለው። ጥያቄያችን ወደ ክልል ሄደ። አጥኚዎች በጀልባ መጡና ሦስቱ አስታወኩ፤ ስንቸገር የኖርነውን በአንድ ቀን ተረዱት። የወረዳው መቀመጫ የት ይሁን በተባለ ጊዜ የዋርካ ሰዎች ትልቋ ደሴት ናትና የእኛ ናት አሉ። እኔ ሸምበቆ መሐል ስለሆነች ለሁሉም ትቀርባለች ብዬ ተነሣሁ። ሁለት ሳምንት ያኮረፉኝ ጎረቤቶች አሉ። በመጨረሻ ግን ሁሉም እጁን አወጣ። ምክር ቤቱ አጸደቀው። የደሴቶች ወረዳ ተባልን።

የተመሠረተበት ቀን ሸምበቆ ላይ እግር መቆሚያ አልነበረም። ከአምስቱም ደሴቶች በታንኳ፣ በሞተር፣ በመቅዘፊያ መጡ። ኃላፊዎቹ ተናገሩ፣ ማኅተሙ ለሕዝብ ታየ፣ ወጣቶቹ ዘፈኑ። እኔም ተናገሪ ተብዬ ነበር፤ ግን ስልክ አወጣሁ። ለእኛ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ለአሌክሳንድሪያ ጠዋት። ሰናይት አነሣችና ለአባቷ ሰጠቻቸው። ስልኩን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ አስጠጋሁት።

«አባባ፣ ሰዉ ሁሉ እዚህ ነው። የመጀመሪያውን መዝገብ እርስዎ ይክፈቱልን» አልኳቸው።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የጸሐፊ ድምፅ ነበር፤ ጥርት ያለ።

«ዋርካ!»

«አለን!» አለ የዋርካ ሰው በአንድ ድምፅ፤ እልልታው ተከተለ።

«ሸምበቆ!»

«አለን!»

«ጉማሬ!»

«አለን!» ዓሣ አጥማጆቹ መቅዘፊያቸውን ወደ ሰማይ አነሡ።

«ወፎ!»

«አለን!» ሦስት ቤተሰብ ናቸው፤ ሦስቱም መጥተዋል።

«ገዳሚቱ!»

ገዳሚቱ ላይ የሚኖሩት አንድ መነኩሴ ብቻ ናቸው። ሕዝቡ ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። ከወደ ዳር፣ በትራቸውን ተደግፈው የቆሙት መነኩሴ በቀጭን ድምፅ «አለሁ» አሉ።

ደሴቱ በእልልታ ተናወጠ። እልልታው እስኪበርድ ጠበቅሁና ስልኩ ተቋርጦ ይሆን ብዬ ወደ ጆሮዬ ላደርሰው ስል፣ ከድምፅ ማጉያው ሌላ ቃል መጣ።

«እኔም አለሁ።»